አማቴ ያልፈታት አውሮፕላን

እኔ ጠላቴ አፌ ነው። ሚስቴ ይህንን ካወቀች ቆይታለች፤ ለእኔ ግን በደንብ የገባኝ ባለፈው የብርድ ወራት፣ አል ዐይን ውስጥ፣ በተበታተነች አሮጌ አውሮፕላን ፊት ቆሜ ነው።

ሥራዬ የአውሮፕላን ጥገና ነው። አዘቦቱን አቡ ዳቢ ውስጥ የትልልቆቹን ሆድ ዕቃ ስከፍትና ስዘጋ እውላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከምንኖርበት ከአል ሪም ደሴት በጠዋት ተነሥቼ፣ ሚስቴ "ጣውንቴ" የምትላትን ለማየት ወደ አል ዐይን እነዳለሁ። ጣውንቷ ድሮ የጦር አብራሪዎች የሠለጠኑባት፣ ባለ አንድ ሞተር፣ አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን የሚቀመጡባት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የአገሩ ሰው ናቸው። ሁሉም ካፒቴን ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። በወጣትነታቸው መብረር የተማሩት በእንዲህ ዓይነቷ ነበርና፣ አል ማቃም ካለው ቪላቸው ጀርባ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን አሠርተው "ሳልሞት አንድ ጊዜ በእሷ እበራለሁ" ብለው ተነሡ። በወዳጅ በኩል ሰምቼ ሄድኩ። አንድ ቅዳሜ ልረዳቸው ነበር፤ ይኸው ዓመት አለፈ።

ችግሩ ሙሉ የሆነች አንዲት አውሮፕላን የሚሸጥ አለመገኘቱ ነው። ካፒቴኑ ከሦስት አገር የሦስት አውሮፕላን ቅሪት ገዙ፤ ያሸጉት ሰዎች ደግሞ፣ የእጃቸውን ይስጣቸውና፣ ሁሉንም ደባልቀው ላኩት። አንድ ሣጥን ስንከፍት የአንዷ በር ከሌላዋ ወንበርና ከሦስተኛዋ ጎማ ጋር ተቃቅፎ ይወጣል። ሦስቱ እህትማማች ናቸው። ግን አንዷ ቀደም ብላ፣ ሁለቱ ቆየት ብለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ መንታ የሚመስለው ዕቃ ሁሉ መንታ አይደለም። በቀለማቸው ቢጫዋ፣ ግራጫዋ፣ አረንጓዴዋ አልናቸውና ሦስት ረጃጅም ጠረጴዛ አቆምን። ደህና የቆየችውና የምትበረው ቀድማ የተሠራችው፣ ቢጫዋ ናት። ሥራችን እንግዲህ እያንዳንዱን ብረት አንሥቶ የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ነበር። ያወቅነው ላይ በቀለሟ ካርድ እናስርበታለን፤ ያላወቅነው መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎለት ይጠብቃል።

ቀለም ደግሞ አይታመንም። ወታደር ቤት ዕቃ ሲያልቅ ከአንዷ ነቅለው ለሌላዋ ይገጥማሉ፤ ገጥመውም በላዩ ይቀቡታል። ቢጫ ያየኸውን ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ግራጫ ይወጣል፣ እሱን ስትፍቀው ደግሞ የፋብሪካው አረንጓዴ። እኛ የምናምነው ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር፣ የብሎኑን ቀዳዳ ስፋት፣ የሪቬቱን፣ የማያያዣ ምስማሩን፣ ዓይነት ነው። ከሁሉ ያስቸገረችን ክርን የምትመስል አንዲት ብረት ነበረች። አብራሪው መሪውን ግራ ቀኝ ሲል፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ክፋይ ከፍ ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። በቀዳሚዋ አውሮፕላን ላይ የክርኗ አንድ ወገን ትንሽ አጠር ይላል፤ በኋለኞቹ ረዘም ይላል። የማትሆነዋን በአንዱ ክንፍ ብትገጥማት ሁለቱ ክንፎች እኩል አይታዘዙም። አየር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

አንድ ቀን ካፒቴኑ ከዚህች ክርን ጋር ስታገል አይተው "ይህንን ሁሉ ማን አስተማረህ?" አሉኝ። እንግዲህ "ትምህርት ቤትና የሥራ ልምድ" ብል ምን ነበረበት? እውነቱም እሱ ነው። ግን ሰውየው ሲያዩኝ ደስ የሚል ነገር ማለት አማረኝ። "የሚስቴ አባት በአየር ኃይል እንዲህ ያለችው አውሮፕላን ላይ ነው ያረጁት" አልኳቸው። "ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቷታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይገጥሟታል።"

አማቴ አየር ኃይል መሥራታቸው እውነት ነው። ደብረ ዘይት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ቱታ ለብሰው፣ የትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው የተነሡት ፎቶ አለ። የቀረውን የሞላሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን "አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?" ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። አማት አይመረመርም። ሽማግሌ ልኬ ልጃቸውን ስወስድ እሳቸው ስለ እኔ ጠየቁ፤ እኔ ስለ እሳቸው አልጠየቅሁም። ፊታቸው ስቀመጥ እንኳን እግሬን አላነባብርም፣ የሥራ መዝገባቸውን ላገላብጥ ነው? እንዲህ ብዬ ለራሴ ምክንያት እሰጠዋለሁ። ግን ዓይን ጨፍኖ መፍታቱን ማን ነገረኝ? ማንም። ከኪሴ ነው ያወጣሁት።

ወሬው እዚያው ይቀር ነበር፣ ሚስቴ ባትወልድ። ሁለተኛዋ ልጃችን ተወለደችና አማቴ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጡ። ካፒቴኑ ይህንን ሲሰሙ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። "በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘሃቸው ትመጣለህ!" አሉ። ጥያቄ አልነበረም፣ ትእዛዝ ነው። ትንሽ ብፈራም፣ አየር ኃይል ውስጥ ያረጀ ሰው ቢያንስ ጥቂት ነገር አያጣም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ለአማቴ ደግሞ ምንም አልነገርኳቸውም። "አንድ አሮጌ አውሮፕላን አለች፣ ትዝታዎን ይቀሰቅስልዎታል" ብዬ ብቻ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። መንገዱን ሙሉ አሸዋውን እያዩ "ይህንን ሁሉ አስፋልት በምን ውኃ አቡክተው ሠሩት?" እያሉ ይደነቁ ነበር።

መጋዘኑ በር ላይ ካፒቴኑ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏቸው። "የአውሮፕላኖች ሐኪም መጡ!" ነበር ያሉት። እኔ "እንኳን ደህና መጡ ነው የሚሉት" ብዬ ተረጎምኩ። ካፒቴኑ ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛና እኔ ከሥራ ቦታ በለቃቀምኳት ዐረብኛ ነው፤ አማቴ ሁለቱንም አያውቁም። መሐላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ የአገሬ ልጅ መሆኗን ባውቅም ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። ካፒቴኑ ቤት በሠራተኛነት ከገባች ቆየት ብላለች፤ ዐረብኛው እንደ ውኃ ይፈስላታል። አማቴን ስታይ "አባባ" ብላ ጎንበስ አለች፤ እሳቸውም መረቋት።

ከዚያ ካፒቴኑ ያችን ክርን አንሥተው ለአማቴ ሰጧቸው። "የየትኛዋ ናት? እኛ ወር ሙሉ ተጨቃጨቅንባት።"

"ምንድን ነው የሚሉኝ?" አሉ አማቴ።

"የየትኛዋ አውሮፕላን ናት ብለው ነው፣ አባባ።"

"እኔን?"

"አዎ። እንዲያው ደስ እንዲላቸው..."

አማቴ ብረቷን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ልክ የሕፃኗን ጭንቅላት እንደሚይዙት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሜካኒክ ዕቃ ሲሰጡት መጀመሪያ ይገለብጠዋል፤ ቁጥር ይፈልጋል፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። እሳቸው ቀለሟን አዩና "ይቺ እንኳን ቢጫ አይደለች? የዚያችው ናታ" ብለው በጣታቸው ቢጫውን ጠረጴዛ አሳዩ። ካፒቴኑ ትርጉም እንኳን አልጠበቁም። ወዲያውኑ ቢጫ ካርድ አሰሩባት። እኔ ያችን ክርን ሺህ ጊዜ አገላብጫታለሁ፤ ወደ ግራጫዋ አድልቼ ነበር። ግን ምን ልበል? በሰው ፊት "አባባ ተሳስተዋል" ልበል? የገዛ አማቴን?

ሁለተኛውን ዕቃ ሲሰጧቸው አማቴ ሳቅ አሉና "እኔ እንጃ ልጄ፣ ይኼንን አላውቀውም" አሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "የአረንጓዴዋ ነው ይላሉ" አልኩ። የአረንጓዴዋ መሆኑን እኔ ስለማውቅ፣ ቢያንስ ዕቃው ቦታውን ይያዝ ብዬ ነው። ሦስተኛውንም እንዲሁ፣ አራተኛውንም። እሳቸው "እንጃ" ይላሉ፣ እኔ ቁጥርና ዘመን እጨምርበታለሁ። ካፒቴኑ ራሳቸውን እየነቀነቁ ካርድ ያስራሉ። ቀና ስል ሻይ ያመጣችው ልጅ ትሪውን ይዛ ቆማ ታየኛለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ብቻ ታየኛለች። ዓይኔን ወደ ብረቱ መለስኩ።

ስንመለስ ፈላጅ ሃዛ ጋ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። አማቴ ነዳጅ የሚቀዳውን ልጅ በመስኮት እያዩ ቆይተው "እኔን ማን ናቸው ብለህ ነው የነገርካቸው?" አሉኝ።

"አየር ኃይል እንደነበሩ ነው፣ አባባ።"

"አየር ኃይል ምን?"

ቦርሳዬን አውጥቼ ገንዘብ መቁጠር ጀመርኩ።

"እኔ እኮ ቦቴ ነበር የምነዳው" አሉ። "ነዳጅ። አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ እየዞርኩ እሞላላቸው ነበር። ሚስትህ አልነገረችህም?" ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቅንጣት ሐፍረት አልነበረም። እንዲያውም ስለ ቦቴው ሲያወሩ ደስ አላቸው። በእሳቸው ዘመን አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ፈስሳ እንደማታውቅ፣ አብራሪዎቹ በስማቸው እየጠሩ ሰላም እንደሚሏቸው ነገሩኝ። ከዚያ "የሚመጣው ቅዳሜ ይህንን ንገራቸው። የሰው ቤት ገብቼ ያልሆንኩትን መሆን አልፈልግም" አሉ።

"እሺ፣ አባባ።"

እሺ ማለት አይከብደኝም፤ አፌ ነው።

ሚስቴ በማግሥቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። "አባዬን ምን አድርገኸው ነው?" አለች። የሆነውን ነገርኳት፤ ቀናንሼ። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። "አባዬ በሾፌርነቱ አፍሮ አያውቅም" አለች ጡጦውን እያጠበች። "ትምህርት ቤት ድረስ በዚያ በነዳጅ ልብሱ ይመጣ ነበር። እኔ አፍሬበት አላውቅም። አንተ ደግሞ እዚህ አምጥተህ እንዳታሳፍረው፤ ቀና ብሎ ነው የመጣው፣ ቀና ብሎ ነው የሚመለሰው።" በልጆቻችን አስማለችኝ። ማልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ለካፒቴኑ ልደውል ስልክ አንሥቼ አስቀምጣለሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ስሰማ ሌላ ወሬ አወራለሁ። ዓርብ ዕለት እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። አብረዋቸው የሠለጠኑ የድሮ ጓደኞቻቸውን ጋብዘዋል። "አማትህን እንዲያዩልኝ ነው!" አሉኝ። ወይ ጉዴ! ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔም መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ሻንጣቸው ሥር የነበረውን ሙሉ ልብስ አውጥተው፣ ከረባት አስረው መጡ። መኪና ውስጥ ሆነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ንግግር እየተለማመዱ ነበር። እኔ ነገርኳቸው ብለው ስላሰቡ፣ ስለ መስተንግዶው ማመስገን ነው የፈለጉት መስሎኝ አላስቆምኳቸውም።

መጋዘኑ ውስጥ ካንዱራ የሚሉትን ነጭ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ያች ልጅ ሻይ ታዞርላቸዋለች። ካፒቴኑ አማቴን እጃቸውን ይዘው መሐል አመጧቸው። አማቴ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጮክ ብለው ጀመሩ፦ "ክቡራን ሆይ፣ በእንግድነት ስለተቀበላችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቼ እንደነገራችሁ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ሜካኒክም አይደለሁም። የነዳጅ መኪና ሾፌር ነበርኩ። ያለፈው ቅዳሜ ስለ ብረቱ ያልኩት በግምት ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ንገራቸው።"

ሁሉም ያዩኛል። ካፒቴኑ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚያስፈልገኝ ቃል ሁሉ በእንግሊዝኛም በዐረብኛም ነበረኝ።

"ከብዙ ዘመን በኋላ" አልኩ፣ "ከዚህች አውሮፕላን ጋር መገናኘታቸው እንዳስደሰታቸው፣ ለእንደዚህ ያለ ክብር እንደማይበቁ ነው የሚናገሩት።"

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። አማቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በጭብጨባው መሐል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አየህ?" አሉኝ። "ሾፌር ነኝ ብያቸው አጨበጨቡልኝ። ትልቅ ሰዎች ናቸው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ሰው ሰውን አታሎ ያውቃል፤ እኔ ግን ሽማግሌ አታልዬ ሲያመሰግኑኝ ቆሜ ሰማሁ።

ደስታቸው ብዙ አልቆየም። ካፒቴኑ ከሸራው ላይ አንድ ማጠፊያ አንሥተው እንደገና ሰጧቸው፤ እንግዶቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። አማቴ ብረቱን አዩ። እንግዶቹን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እንዳልተረጎምኩላቸው ሲገባቸው ከፊታቸው ላይ አየሁት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከሥራ ቦታ የመጣ ተራ መልእክት ነበር፣ እኔ ግን እንደ ትልቅ ጥሪ ጆሮዬ ላይ ለጥፌው ወጣሁ። ሸሸሁ ነው ቃሉ።

ውጭ ትንሽ ቆሜ ስመለስ ያች ልጅ አማቴ አጠገብ ቆማለች። አስተርጓሚው ሲጠፋ ካፒቴኑ እሷን ጠርተዋታል። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ በሩ ላይ ቀረሁ። አንደኛው እንግዳ የጠየቁትን በአማርኛ እየነገረቻቸው ነበር፦ "አባባ፣ ይህችን አውሮፕላን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱ ነበር ብሎ አማችዎ ነግሮናል፣ እውነት ነው ወይ ይላሉ።"

እውነተኛ አስተርጓሚ አግኝተው ነበር። አንድ "አይደለም" ይበቃቸው ነበር፣ ልጅቱም ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርስላቸው ነበር። አማቴ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ።

"አማቼ የነገራችሁ ሁሉ እውነት ነው በያቸው።"

ልጅቱ ደነገጠች። "እንዲህ ልበል፣ አባባ?"

"በይ ልጄ። እንዲህ በያቸው።"

አለቻቸው። እንግዶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አማቴ ማጠፊያውን ወስደው ከሦስቱ ጠረጴዛዎች ባንዱ ላይ፣ ሳይመርጡ፣ አስቀመጡት። ከዚያም የተሰጣቸውን ሁሉ እንዲሁ አስቀመጡ፤ እኔ ምንም መተርጎም አላስፈለገኝም።

መኪና ውስጥ ሆነን ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ መቻል አቃተኝ። "አባባ፣ ለምን? እውነቱን ሊነግሯቸው አልነበረም?" አልኩ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ የተናደድኩ መስዬ ነው የጠየቅኋቸው።

"እኔማ ተናግሬ ነበር" አሉ። ከረባታቸውን ፈቱና እጃቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። "እኔ አላዋቂ ብባል፣ ጃጀ ብባል ምንም አይደለም። ልጄን የሰጠሁት ሰው ግን ፊቴ ላይ ውሸታም ሲባል ቆሜ አልሰማም።"

"ነገ ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። በልጆቼ..."

"አትማል" አሉኝ። "አሁን ብትነግራቸው ውሸታሙ እኔ ነኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንተ ብረቱን በየቦታው መልሰው። ሰውየው ይበሩበታል፤ ሰው እንዳይሞት።"

ቤት ስንገባ ሚስቴ በሩ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ጠበቀችን። ፊቴን አየችና ወደ አባቷ ዞረች። "እንዴት ነበር፣ አባዬ?"

አማቴ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ እንዳሉ "ባልሽን በጣም ነው የሚያከብሩት" አሉ። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ወሩ ሳያልቅ አማቴ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲለዩኝ ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ፤ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሡም። ልጃቸው ቀና ብሎ ነው የሚመለሰው ብላኝ ነበር። ቀና ብለው ነው የሄዱት፤ ቀና ማለታቸው ግን የእኔ ሥራ ስላልነበረ አላጽናናኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ካርድ ስፈታ ነው ያሳለፍኳቸው። አማቴ የደለደሏቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ አንሥቼ፣ ቀለማቸውን ፍቄ፣ ቁጥራቸውን አጥርቼ፣ ቀዳዳቸውን ለክቼ ወደ እናታቸው መለስኳቸው። ያችን ክርን መጀመሪያ። ቢጫው ሥር ግራጫ፣ ግራጫው ሥር ቁጥሩ ነበር፤ ረዥሟ ናት፣ የግራጫዋ። የቢጫዋን እውነተኛ ክርን ከሸራው ላይ፣ ማንም ሳያያት ከከረመችበት አወጣኋት። ካፒቴኑ አንድ ቀን ቢጫ ካርድ ስፈታ ደረሱብኝ። "ይህንን እኮ አማትህ ናቸው የቢጫዋ ነው ያሉት!"

ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? "አገር ቤት ሆነው ሲያስቡበት ቆይተው ደወሉልኝ፤ ቁጥሩን ፍቀህ እይልኝ አሉኝ" አልኩ። አሁንም አፌ! በዕለቱ ካሣ መስሎ ነበር የተሰማኝ፤ ያገኘሁትን እውነት ሁሉ በእሳቸው ስም ማስመዝገብ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እርማት ከደብረ ዘይት በስልክ የመጣ ሆነ። ካፒቴኑ ፍቅራቸው ጨመረ። ስሕተቱን ያመነ ሽማግሌ ነው ትልቅ ባለሙያ እያሉ ለጓደኞቻቸው ሲናገሩ እሰማለሁ።

አውሮፕላኗ አሁን ቆማለች። ክንፏ ተገጥሟል፣ ቀለም ተቀብታለች፣ ሁለቱም ክንፎች እኩል ይታዘዛሉ፤ ይህንን ራሴ አሥሬ አረጋግጫለሁ። ባለፈው ወር ካፒቴኑ ትንሽ ብሩሽና ጥቁር ቀለም ይዘው መጡ። በወታደር ቤት አውሮፕላኗን የሚንከባከባት የምድር ሠራተኛ ስም አብራሪው ከሚገባበት በር ሥር ይጻፋል። "የአማትህን ስም ጻፍልኝ" አሉ። "በእናንተው ፊደል። ከሥሩ ደግሞ ሥራቸውን።"

ብሩሹን ይዤ ተንበረከክሁ። ስማቸውን ጻፍኩ፣ ከነአባታቸው። ከዚያ ቆምኩ። በዚያ መጋዘን ውስጥ ያንን ፊደል የሚያነብ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። "ዋና ሜካኒክ" ብዬ ልጽፍ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከስማቸው ሥር በጥንቃቄ፣ ፊደሎቹን እያሳመርኩ፣ "የነዳጅ መኪና ሾፌር" ብዬ ጻፍኩ።

"ምን ይላል?" አሉ ካፒቴኑ።

"ስማቸውና ሥራቸው ነው" አልኩ። እውነት ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ለሰውየው የነገርኳቸው የመጀመሪያው እውነት መሰለኝና፣ ሳልዋሽ እላችኋለሁ፣ ደረቴ ትንሽ ነፋ አለ። ፎቶ አንሥቼ ለሚስቴ ልልክላት ሁሉ አስቤ ነበር። ካፒቴኑ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ለጓደኞቻቸው ሊደውሉ ወጡ።

ልጅቱ የሻይ ብርጭቆ ልትሰበስብ ገባች። በሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ አየችና ጠጋ ብላ አነበበችው። ትስቃለች ወይ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "አባባ እኮ ይህንን ጮክ ብለው ነበር የተናገሩት።"

ትሪዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች።